የአክሱም መምህራን፦ የጥንቱን ዘመን ለሕዝብ ያስነበቡ ሙያዎች ታሪክ

አርኪዮሎጂ፣ ማለትም የጥንት ሰዎች ትተዋቸው ካለፉት ሕንፃዎች፣ መቃብሮች፣ ሸክላዎችና መሣሪያዎች ተነሥቶ ያለፈውን ሕይወት የሚመረምረው የዕውቀት ዘርፍ፣ በኢትዮጵያ ምድር በተደራጀ መልኩ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው። የዚህ ዘርፍ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ቁፋሮውን የመሩት ጥቂት ምሁራን ሲሆኑ፣ ፍርስራሹን ለትውልድ በስም ለይተው ያቆዩት፣ ግኝቱን ለአገሬውና ለእንግዳው ያስረዱት፣ በሕግ የተከራከሩለትና የወደቀውን ያነሡት ባለሙያዎች በግርጌ ማስታወሻ እንኳ አልፎ አልፎ ብቻ ይታያሉ። ሕዝባዊ አርኪዮሎጂ የሚባለው የትምህርት ክፍል ትኩረቱን የሚያደርገው በዚሁ በተዘነጋው ወገን ላይ ነው። ስያሜውን አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ቻርልስ ማክጊምሲ በ1972 በመጽሐፍ ርእስነት ሲያወጣው የታሰበው በዋናነት መንግሥት ቅርስን የሚጠብቅ ሕግ እንዲያወጣና በጀት እንዲመድብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ትርጉሙ እየሰፋ ሄዶ፣ ያለፈውን ዘመን የማወቅ፣ የመተርጎምና የመጠበቅ መብት የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሁሉ የሚያጠቃልል ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የአዋጅ ቁጥሮች ሲቀሩ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።)

ይህ ትምህርት ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ መቅረቡ በከፊል እውነት ቢሆንም፣ ለኢትዮጵያ ተማሪ የሚሆነው ምሳሌ ግን ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም። አክሱም ብቻዋን ለዚህ ትምህርት በቂ ናት፤ ምክንያቱም በዚህች ከተማ የጥንቱ ዘመን በአንድ ሙያ ዓይን ብቻ የታየበት ጊዜ ኖሮ አያውቅም።

ጥንታዊ ጽሑፍን መዝግቦ የማቆየት ሥራ እንኳ በዚህ አገር የተጀመረው በንጉሥ ትእዛዝና በነጋዴ እጅ ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምያር፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ የመን፣ ሊዘምት በተዘጋጀበት ጊዜ፣ በአዱሊስ ወደብ በሚገኝ የእብነ በረድ ዙፋንና በአጠገቡ በቆመ ሌላ ድንጋይ ላይ የተቀረጹት የግሪክኛ ጽሑፎች ተገልብጠው እንዲላኩለት የአዱሊስን ገዥ አዘዘ። ገዥው ሥራውን የሰጠው በወደቡ ለንግድ ለመጡት ለእስክንድርያው ኮስማስና ሜናስ ለተባለው ባልንጀራው ነበር። ኮስማስ ግልባጩን ለራሱም አስቀርቶ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስላስገባው፣ ድንጋዮቹ እስካሁን ባይገኙም ጽሑፋቸው ሊተርፍ ችሏል፤ ዛሬ ስለ አንድ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎች የሚታወቀው የዚህ ነጋዴ እጅ ባተረፈው ቅጂ ነው። ንጉሡ ግልባጩን የፈለገበት ምክንያት በግልጽ ባይነገርም፣ ከባሕር ማዶ ለመዝመት በተነሣበት ሰዓት የቀደሙት ነገሥታት ያስጻፉትን ማንበብ መሻቱ፣ የጥንቱ ዘመን ለመንግሥት ሥራ ጭምር ይፈለግ እንደ ነበር ያመለክታል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ረጅም ዘመናት የአክሱምን ፍርስራሽ የማስታወሱ ኃላፊነት የወደቀው በካህናቱ ላይ ነው። መጽሐፈ አክሱም በሚል ስም የሚታወቀው፣ በተለያዩ ዘመናት የተጻፉ ሰነዶችን የያዘው ስብስብ፣ የማርያም ጽዮንን የመሬት ርስትና የቤተ ክርስቲያኒቱን ሁኔታ ከመዘርዘሩም ሌላ ስለ ከተማይቱ ጥንታዊ ነገሮች ይናገራል፤ ይህን ስብስብ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አሳትሞታል። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት፣ ካህኑ ድንጋዩን ያስታወሰው ለዕውቀት ብቻ ብሎ አለመሆኑ ነው፤ ድንጋዩ የርስት ወሰን፣ የንግሥ ሥርዓት መፈጸሚያ፣ የታቦት ማረፊያና የቅዱሳን መታሰቢያ በመሆኑ ማስታወሱ የሥራው አካል ነበር። ዘመናዊው ተመራማሪ በካርታው ላይ የሚያሰፍራቸው እንደ እንዳ ሚካኤል፣ እንዳ ስምዖንና ታዕካ ማርያም ያሉት የጥንታዊ ሕንፃዎች ስሞች በሙሉ የተገኙት ከዚህ ሕያው ትዝታ ነው።

በ1906 መጀመሪያ ላይ የጀርመን የአክሱም ጉዞ ተብሎ የሚታወቀው ቡድን በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፈቃድና በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ዊልሄልም ድጋፍ አክሱም ሲደርስ፣ ከአባላቱ መካከል ዛሬ በሚሰጠው ትርጉም አርኪዮሎጂስት የሚባል ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። መሪው ኤኖ ሊትማን የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ ነበር፤ ዳንኤል ክሬንከር አርክቴክት፣ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ አርክቴክትም ፎቶግራፍ አንሺም፣ ኤሪክ ካሽከ ደግሞ ሐኪም ነበሩ። ሐኪሙ ቡድኑንና ለሕክምና የሚመጣውን የአካባቢውን ሰው ከማከሙ በተጨማሪ፣ በሰም በርሜል ላይ ድምፅ በሚቀዳ መሣሪያ የአገሩን ዜማና ንግግር ቀድቷል። በአካባቢው ገዥ በደጃዝማች ገብረ ሥላሴ ድጋፍ ሦስት ወር ያህል የተካሄደው ይህ ሥራ በ1913 በርሊን ላይ በአራት ትልልቅ ጥራዞች ታትሞ ወጣ፤ ከእነዚህም አንዱ ለጥንታውያን ሕንፃዎችና ሐውልቶች፣ ሌላው ለቤቶችና ለአብያተ ክርስቲያናት፣ አራተኛው ለጽሑፎች የተመደበ ነበር።

የሙያዎቹ መለያየት ለሥራው ምን እንደ ጠቀመው ለመረዳት የክሬንከርን ሥዕሎች መመልከት ይበቃል። ለቋንቋ ሊቅ ታላላቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ጽሑፍ የሌላቸው በመሆናቸው ዝም ያሉ ድንጋዮች ናቸው፤ አርክቴክቱ ግን ሲያያቸው በድንጋይ የተቀረጸ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ አገኘባቸው። ከታች በሩ፣ ከላይ በየፎቁ የተደረደሩት መስኮቶች፣ በየፎቁ መካከል ደግሞ ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት ክብ ክብ ጉጦች፣ በእንጨትና በድንጋይ የሚሠራ እውነተኛ ቤት የግንድ ጫፎች አምሳል እንደ ሆኑ ያሳየው እሱ ነው። እነዚህን የግንድ ጫፎች የአገሩ ሰው የዝንጀሮ ራስ ይላቸዋል፤ ቡድኑ የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ሲመረምርም ያው አሠራር በእውነተኛ እንጨት ተሠርቶ፣ ሥርዓተ ቅዳሴ ሲፈጸምበት አገኘው። የሐውልቱ ቀራጭ፣ የደብረ ዳሞ አናጢና የበርሊኑ አርክቴክት፣ ከሺህ ዓመት በላይ ተራርቀው፣ በአንድ የሙያ ቋንቋ ሲነጋገሩ የሚታዩት እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳዩ ለቋንቋ ሊቁ ብቻ ቢተው ኖሮ ይህ ንባብ ብዙ ዘመን በዘገየ ነበር።

የክሬንከር ልኬት ሌላም ውለታ ውሏል። ቡድኑ የገለጠው የታዕካ ማርያም ቤተ መንግሥት በስፋቱ በአክሱም ከታወቁት ሕንፃዎች ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን መኪና መንገድ በመካከሉ ተቀድዶ አለፈበት። ዛሬ ስለ ሕንፃው አጠቃላይ ገጽታ የሚታወቀው ከሞላ ጎደል በ1906 በወረቀት ላይ ከሰፈረው ነው። ይህ ምሳሌ በትምህርት ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ መነገር የሚገባው ነው፤ አንድ ጊዜ ለወደፊቱ አርኪዮሎጂስት፣ ምክንያቱም ልኬት ከቁፋሮ ያላነሰ ሥራ መሆኑን ያሳያል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለመንገድ መሐንዲሱ፣ ምክንያቱም እሱ በአንድ ቀን የሚያፈርሰውን ማንም መልሶ እንደማይሠራው ያስረዳል። በእርግጥ የጀርመኑ ቡድን ጥራዞች የራሳቸው ጉድለት አለባቸው፤ ዶማና አካፋ ይዘው የቆፈሩት፣ አፈር ያጋዙት፣ የትኛው ጉብታ ሥር ምን እንዳለ የጠቆሙት የአክሱም ሰዎች በፎቶግራፎቹ ላይ የድንጋዩን ቁመት ለማሳየት እንደ መለኪያ ቆመው ከመታየታቸው በቀር ድምፃቸው ብዙም አይሰማም።

ከነፃነት መመለስ በኋላ የተቋቋመው አሠራር የተለየ ነበር። በ1952 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥትና በፈረንሳይ ትብብር በአዲስ አበባ የአርኪዮሎጂ ክፍል ተመሠረተ፤ ዣን ዶሬስ፣ ዣን ለክላን፣ አንሪ ደ ኮንተንሶንና ፍራንሲስ አንፍሬ በየተራቸው በአክሱም፣ በሐውልቲ፣ በመላዞ፣ በየሓና በመጠራ ሠሩ፤ ከ1955 ጀምሮም ውጤታቸው አናል ዴትዮፒ በተባለ መጽሔት በፈረንሳይኛ ይወጣ ነበር። የተገኙት ዕቃዎች አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ እንዲታዩ መደረጋቸው ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ መጽሔቱን ማንበብ የሚችለው ኢትዮጵያዊ በጣም ጥቂት በመሆኑ፣ በሰሜን የሚቆፈረው ምድር ታሪክ ለገበሬው ቀርቶ ለተማረው አዲስ አበቤ እንኳ የሚደርሰው በጋዜጣ ዜናና በሙዚየም መግለጫ በኩል ነበር፤ በሌላ አነጋገር የመጀመሪያዎቹ የሕዝባዊ አርኪዮሎጂ መምህራን፣ ስያሜው ከመታወቁ በፊት፣ ጋዜጠኛውና የሙዚየም ሠራተኛው ናቸው።

ከእነዚህ ሁለቱ ይልቅ ግን ብዙ ሰው ያስተማረው አስጎብኚው ነው፤ የእሱ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የዱንጉር ፍርስራሽ ያሳያል። ከአክሱም በስተምዕራብ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኘውና ወደ 50 የሚጠጉ ክፍሎች ያሉት ይህ ሕንፃ በከተማው ትውፊት የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ነው። በ1960ዎቹ የቆፈረው አንፍሬ ግን ሕንፃው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ የመሳፍንት መኖሪያ መሆኑን ደረሰበት፤ ይህም ትውፊቱ ለንግሥቲቱ ከሚሰጠው ዘመን በ1,500 ዓመት ያህል ይዘገያል። አስጎብኚው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢናገር ይሳሳታል፤ ትውፊቱን ብቻ ከተናገረ ቁፋሮውን ከንቱ ያደርጋል፣ ቁፋሮውን ብቻ ከተናገረ ደግሞ ቦታው በነዋሪው ልብ ውስጥ ያለውን ትርጉም ይሰርዛል። ልምድ ያለው አስጎብኚ ሁለቱንም በየቦታቸው አስቀምጦ የሚናገርበት ዘዴ አለው፤ ይህን ዘዴ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ቢኖር መምህሩ መሆን ያለበት እንዲህ ያለው አስጎብኚ ራሱ እንጂ ሌላ ሰው አይደለም። ማይ ሹም የሚባለው የውኃ ማጠራቀሚያም እንዲሁ ነው፤ ለጎብኚ የንግሥተ ሳባ መታጠቢያ፣ ለተመራማሪ የጥንት የውኃ ሥራ፣ ለአክሱም ምእመን ደግሞ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ቦታ ነው፤ የመጨረሻው ወገን ቦታውን በየዓመቱ ስለሚገለገልበት ከሁሉ የበለጠ ይጠብቀዋል።

ከአክሱም ጥቂት ወጣ ብሎ ወደ አፋር መሻገር የሚያስፈልገው በኢትዮጵያ ውስጥ የሙያ ድንበር እንዴት እንደሚሻገር የሚያሳይ ግሩም ምሳሌ እዚያ ስላለ ነው። በ1970ዎቹ በሀዳር ይሠራ የነበረው ዓለም አቀፍ ቡድን፣ ሕጉ በሚያዘው መሠረት፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ አብሮት ይገኝ ነበር። ይህ ሰው ዓለማየሁ አስፋው ይባላል፤ የተላከበት ዋና ጉዳይ የውጭ ተመራማሪዎች ሕግ አክብረው መሥራታቸውን ማየት ነበር። ይሁን እንጂ በ1974 መኸር፣ ድንቅነሽ የተባለችው ቅሪተ አካል በኅዳር ወር ከመገኘቷ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ ጥርሶቻቸው ያልተነቀሉ የጥንታዊ ሰብአ ዘር መንጋጋዎችን በማግኘት በዚያ ዓመት ለሥራው አዲስ ምዕራፍ የከፈተው እሱ ነው። ለቁጥጥር የተላከው የመንግሥት ሠራተኛ ከቡድኑ የተሻለ ዓይን ያለው ፈላጊ ሆኖ መገኘቱ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ቅሪተ አካል መፈለግ ከመጽሐፍ ይልቅ በሜዳ ላይ በሚለመድ ትዕግሥትና የማየት ችሎታ የሚሠራ ጥበብ ነው፤ በአፋር ሜዳ ይህን ችሎታ ያገኙ የአካባቢው ተወላጆችም በየቡድኑ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤትና በብሔራዊ ሙዚየም ዙሪያ ከተሰባሰቡት ወጣቶች መካከል እንደ ብርሃነ አስፋውና ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ያሉት ውጭ አገር ተምረው በዓለም የታወቁ ተመራማሪዎች ሆኑ። በ1982 መንግሥት የውጭ ተመራማሪዎችን የመስክ ሥራ ለብዙ ዓመታት ሲያግድ የተነሣውም ጥያቄ ከዚሁ የተያያዘ ነበር፤ አገሪቱ ቅሪቱን የምታጠናባቸው የራሷ ባለሙያዎችና ቤተ ሙከራ ሳይኖራት ግኝቱ ለማን ይጠቅማል የሚለው ነበር።

በደቡብ ደግሞ መምህርነቱ ከዚህም የበለጠ ወደ ያልተጠበቀ ወገን ይሄዳል። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ባልጩት ድንጋይ ራሳቸው ጠርበው፣ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ አጣብቀው የሚጠቀሙ መሆናቸው በ1990ዎቹ በስቲቨን ብራንትና በካትሪን ዊድማን አርተር ሲጠና፣ የድንጋይ መሣሪያ ሥራ የወንድ ሥራ ነው የሚለው የቆየ ግምት ከሥሩ ተናጋ። ኤትኖአርኪዮሎጂ የሚባለው ዘዴ፣ ማለትም ዛሬ የሚኖሩ ሰዎችን አሠራር በማጥናት የጥንቱን ቅሪት የመተርጎም ዘዴ፣ ከእነዚህ ሴቶች ያገኘው ትምህርት የመሣሪያው ስለት በስንት ምት እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚሳል፣ መቼ እንደሚጣልና ልጅ ከእናቷ እንዴት እንደምትማረው ያካትታል። ቆዳ ፋቂዎች በብዙ የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ዘንድ ከሌላው ሰው ጋር የማይጋቡ፣ በዝቅታ የሚታዩ መሆናቸውን ያስታወሰ ሰው የነገሩን ክብደት ይረዳዋል፤ በመንደሩ የተናቀው እጅ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሰጥ ትምህርት ምንጭ ሆኗል። በትግራይ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ላይ የተካሄደው ጥናትም ወደዚሁ ያመራል፤ በቁፋሮ ላይ በሺህ የሚቆጠር ገል ለሚለቅመው ተመራማሪ የገሉን አፈር፣ አተኳኮስና ቅርጽ ከሸክላ ሠሪዋ በተሻለ ሊያስረዳው የሚችል ሰው የለም። የእነዚህ ሴቶች ድርሻ በምስጋና ገጽ ላይ ብቻ መቅረቱ ከ1906ቱ ፎቶግራፎች እምብዛም የራቀ አይደለም።

ወደ አክሱም ሲመለሱ ብዙ ሙያዎችን በአንድ ጊዜ ያሰለፈው ጉዳይ የሐውልቱ ጉዳይ ነው። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ወደ 160 ቶን የሚጠጋው ሐውልት ተሰባብሮ ከወደቀበት በፋሺስት ጦር ተነሥቶ፣ እስከ ምፅዋ በመኪና ተጓጉዞ፣ በመርከብ ጣሊያን ደርሶ በጥቅምት 1937 ሮም ውስጥ ቆመ፤ የቆመበት ቦታ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል አንቀጽ 37 ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ያዘዘ ቢሆንም፣ ትእዛዙ ሳይፈጸም ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። በ1960 አበበ ቢቂላ የሮምን የማራቶን ውድድር በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ በዚሁ ሐውልት አጠገብ አልፎ ሮጧል፤ ይህ አጋጣሚ ከአንድ ጥራዝ ጥናት የበለጠ ሐውልቱ የት እንዳለ ለዓለም አስታውሷል፤ ሩጫም እንግዲህ አንድ ጊዜ የአርኪዮሎጂ መምህር ሆናለች ማለት ነው።

ክርክሩን በየፊናቸው የያዙት የታሪክ ምሁራን፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ ዲፕሎማቶች፣ ጋዜጠኞችና በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በዚህ ዘመቻ ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዱ ነው። በ2002 ሐውልቱን መብረቅ መትቶት ጫፉ ሲጎዳ ለጥበቃው በሮም መቆየቱ ይሻላል የሚለው መከራከሪያ ኃይሉን አጣ። በ2003 ተፈታቶ፣ በ2005 ሚያዝያ ውስጥ በሦስት በረራ በአንቶኖቭ 124 አውሮፕላን አክሱም ደረሰ፤ ወደ ምፅዋ ያለው መንገድ ከኤርትራ ጋር በነበረው ግጭት በመዘጋቱ በ1937 የተወሰደበትን መንገድ ይዞ መመለስ አልተቻለምና።

ሕዝቡ በደስታ ከተቀበለው በኋላ የቀረው ሥራ ግን ስሜት ብቻውን የማይፈታው ነበር። ሐውልቱ ከሚቆምበት ስፍራ ሥር ምን እንዳለ በጂኦፊዚክስ፣ ማለትም ሳይቆፈር የመሬትን ውስጥ በመሣሪያ በሚመረምር ዘዴ፣ ሲጠና የማይታወቁ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ተገለጠ፤ በመሆኑም መሐንዲሱ መሠረቱን ሲያሳርፍ አርኪዮሎጂስቱን መጠየቅ ነበረበት። በዩኔስኮ አስተባባሪነት ሥራውን የመራው ጣሊያናዊው መሐንዲስ ጆርጆ ክሮቺ ሲሆን፣ ሦስቱ ክፍሎች በብረት ማማና ማንሻ እየተነሡ አራሚድ በተባለ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ዘንግ ተያይዘው፣ ሐውልቱ በመስከረም 2008 ተመረቀ። በዚያው ጊዜ በቦታው ቆሞ የኖረው፣ ዘመም ያለው ሌላው ሐውልት በግንባታው እንዳይነቃነቅ ተደግፎ እንዲቆይ መደረጉ፣ አንዱን ለማዳን የሚደረግ ጥረት ሌላውን ሊያሰጋ እንደሚችል ያሳየ ነበር። ወደ 33 ሜትር የሚጠጋውና ምናልባት በጥንት ጊዜ ሲቆም የወደቀው ታላቁ ሐውልት ግን እንደ ተሰባበረ በወደቀበት ይገኛል፤ እሱን አለማንሣትም ራሱ የሙያ ውሳኔ ነው።

ከሕጉ በኩል ያለው ጉዞ በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል፤ ከ1966 ጀምሮ ተከታታይ አዋጆች ወጥተው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥናትና ጥበቃን በዝርዝር ደንግጓል። ለሕዝባዊ አርኪዮሎጂ ትምህርት ከአዋጁ ዋነኛው ድንጋጌ ስለ ድንገተኛ ግኝት የሚናገረው ነው፤ በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ፣ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ ወዲያውኑ ማሳወቅና ያገኘውን ባለበት ጠብቆ ማቆየት አለበት። ይህ ድንጋጌ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ክረምት ሲገባ በአክሱም ዙሪያ ባለ እርሻ ውስጥ የጥንት ሳንቲም የሚያገኘው ገበሬ ወይም እረኛ ሕጉን ማወቁ፣ ማንን እንደሚጠይቅ መገንዘቡና ያገኘውን ማሳወቁ ከመሸጡ እንደሚሻለው ማመኑ ካልተደመረበት ፋይዳ የለውም። ስለዚህ ሕጉን ለሕዝብ የሚያደርሰው የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ባለሙያ፣ የትምህርት ቤት መምህርና የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ በትምህርቱ ውስጥ ካልተካተቱ አዋጁ በቢሮ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

በ1980ዎቹ በአክሱም አቅራቢያ ገበሬዎች ያገኙት፣ በግሪክኛ፣ በሳባ ፊደልና በግእዝ የተጻፈው የንጉሥ ዒዛና ድንጋይ ሲገኝ የተደረገው ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ሙዚየም ሳይወሰድ በተገኘበት ቦታ ላይ አነስተኛ ቤት ተሠርቶለት፣ ጎብኚ እዚያው ድረስ ሄዶ እንዲያየው ተደረገ። በየሓ አካባቢ በቤተ ሳማቲ የተካሄደው ቁፋሮ ሲነሣም፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ኮረብታውን ትልቅ ነገር ያለበት ቦታ አድርገው ያዩት እንደ ነበር ይታወሳል፤ በ2019 ውጤቱ ለዓለም ሲገለጥ የወርቅ ቀለበትና የጥንት ባሲሊካ የተገኘበት ከተማ መሆኑ ተነገረ።

ዛሬ በአዲስ አበባና በአክሱም ዩኒቨርሲቲዎች አርኪዮሎጂና የቅርስ አያያዝ በትምህርት ክፍል ደረጃ ይሰጣሉ፤ ይህም የ1952ቱ ክፍል በተቋቋመ ጊዜ ያልነበረ ዕድል ነው። ሆኖም ትምህርቱ በአብዛኛው በቅየሳ፣ በንብርብር አፈር ንባብና በዕቃ ምደባ ላይ ሲያተኩር፣ ሕግ፣ ምሕንድስና፣ አስጎብኚነት፣ የሙዚየም መግለጫ አጻጻፍና ከካህናት ጋር የሚደረግ ምክክር እንደ ጎን ነገር መታየታቸው አልቀረም። ተማሪው ከክፍል ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ የሚገናኘው ግን ከነዚህ ሰዎች ጋር ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሥልጣን፣ መንገድ የሚሠራው ኮንትራክተር፣ መሬቱን የያዘው ገበሬና ቅጥሩን የሚያስከብረው ንቡረ እድ ሁሉም የየራሳቸው ጥያቄ ይዘው ይጠብቁታል። በተለይ በአክሱም ማርያም ጽዮን ቅጥር ዙሪያ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለቅርሶቿ አዲስ ሙዚየም ለመሥራት ስትነሣ ሕንፃው ጥንታዊውን ስፍራ ሊነካ መቻሉ የዓለም ቅርስ ኮሚቴን ያሳሰበ መሆኑ፣ አምልኮና ጥበቃ በአንድ መሬት ላይ የሚገናኙበት ጉዳይ በአንድ ወገን ውሳኔ የማይዘጋ መሆኑን አሳይቷል።

ከውቅሮ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የመቃብር ጋዕዋ ጉዳይ እነዚህን ሁሉ ክሮች በአንድ ቦታ ያገናኛል። በ2007 መጨረሻ የአካባቢው ሰዎች በአጋጣሚ ያገኙት ፍርስራሽ ለክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ተነግሮ አስቸኳይ የማዳን ቁፋሮ ተደረገበት፤ ከዚያም የጀርመን የአርኪዮሎጂ ተቋም ሥራውን ቀጥሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ሺህ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የነበረ ለአልመቃህ አምላክ የተሠራ ቤተ መቅደስ መሆኑን አረጋገጠ። ከኖራ ድንጋይ የተቀረጸው መሠዊያ ላይ የሳባ ፊደል የተጻፈበት ሲሆን፣ ጽሑፉ የየሓን ስም በመጥቀሱ ለከተማይቱ ታሪክ ከፍ ያለ ግምት ተሰጥቶታል። መሠዊያውን ወደ አዲስ አበባ ከመውሰድ ይልቅ በውቅሮ ሙዚየም እንዲቋቋም ተደረገ፤ ጠባቂ፣ ጠጋኝና አስጎብኚም ከአካባቢው እንዲሠለጥኑ ታሰበ። በዚህም መሠዊያው የተገኘበት አካባቢ ልጆች ስለ ሳባ ጽሑፍ የሚማሩበት ቦታ በአቅራቢያቸው ሆነ።